ሆርሞን ማሟያና ጤናማ እርጅና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

ሆርሞን ማሟያ ከቫይታሚን በምን ይለያል?

ሆርሞን አንድ ዕጢ አመንጭቶት በደም ተጉዞ ሌላውን የሰውነት ክፍል የሚያዝ ንጥረ ነገር ነው። ቫይታሚን ሲ ቢበዛ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ሆርሞን ግን በማይክሮግራም በሚለካ መጠን የልብ ምትን፣ የደም ስኳርን፣ የማህፀን ግድግዳን ይለውጣል።

ሁለተኛውን ልዩነት ብዙ ሰው አያስበውም፦ አንዳንዱ ሆርሞን ከውጭ ሲገባ የራስ ዕጢ ሥራውን ይተዋል። ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚወጋ ሰው የዘር ፍሬው ማምረቱን ይቀንሳል፣ ያቆማልም። ኮርቲዞን ለሳምንታት የዋጠ ሰው ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢው ይተኛል። "ልሞክረው፣ ካልተስማማኝ እተወዋለሁ" የሚለው ነገር ለቫይታሚን ይሠራል፤ ለሆርሞን ሁልጊዜ አይሠራም።

ዕድሜ ሲገፋ ሆርሞን መቀነሱ በሽታ ነው?

በራሱ አይደለም። ዲኤችኢኤ፣ በአብዛኛው ከአድሬናል ዕጢ የሚመነጨው ሆርሞን፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ጣሪያ ይነካና ሰባና ሰማንያ ላይ የዚያ ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ ይቀራል። ቴስቶስትሮን በዓመት 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሴቶቹ ሆርሞን ኤስትሮጅን ግን ቀስ እያለ አይደለም የሚወርደው፣ ሴቷ ስታርጥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ሁሉም ይወርዳል ማለትም አይደለም፤ ኮርቲዞል በእርጅና አይጠፋም፣ የአንገቱን ዕጢ ታይሮይድን የሚያዘው ቲኤስኤች ደግሞ በአረጋውያን ትንሽ ከፍ ይላል።

መለየት ያለበት ይህ ነው፦ ዕጢው ታሞ ሆርሞኑ ከጠፋ መተካት ሕክምና ነው፣ ሕይወትም ያድናል። ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ከወረደ ግን ወደ ሃያ ዓመት ልክ መመለሱ ጉልበትን ወይም ዕድሜን እንደሚመልስ በጥሩ ጥናት አልታየም። የላብራቶሪ ወረቀት ላይ "ዝቅተኛ" የሚል ምልክት ሲያዩ ንጽጽሩ ከየትኛው ዕድሜ ጋር እንደሆነ ይጠይቁ።

ዲኤችኢኤ እውነት ወጣት ያደርጋል?

አያደርግም። በ2006 የወጣ፣ በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ የተመራ ጥናት አረጋውያንን ለ2 ዓመት ተከታተለ። ወንዶች በቀን 75 ሚሊግራም፣ ሴቶች 50 ሚሊግራም ወሰዱ። የደም መጠኑ ወደ ወጣቶች ልክ ከፍ አለ፤ ጡንቻው፣ ጉልበቱ፣ የኢንሱሊን አሠራሩና የኑሮ ስሜቱ ግን ባዶ እንክብል ከዋጡት አልተሻለም። ቁጥሩ ወጣት ሆነ፣ ሰውየው አልሆነም።

ሰውነት ዲኤችኢኤን ወደ ቴስቶስትሮንና ኤስትሮጅን ይለውጠዋል። ስለዚህ ሴቶች ላይ ብጉር፣ የአገጭ ፀጉር፣ አንዳንዴም የድምፅ መጎርነን ያመጣል፤ የጎረነነ ድምፅ ደግሞ ክኒኑ ቢቆምም ላይመለስ ይችላል። የጡት፣ የማህፀን ወይም የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ወይም የነበረበት ሰው አይንካው። "የዱር ቦዬ" በሚል የሚሸጥ ቅባትም አለ። ዲኤችኢኤ ከዚያ ተክል የሚሠራው በፋብሪካ ነው፤ የሰው ሰውነት ቅባቱን ወደ ሆርሞን መለወጥ አይችልም።

አንድ የተረጋገጠ ቦታ አለው፦ ከማረጥ በኋላ በብልት ድርቀት ምክንያት ግንኙነት ለሚያማቸው ሴቶች በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ በብልት ውስጥ የሚቀመጥ 6.5 ሚሊግራም መድኃኒት። እሱም በሐኪም ትዕዛዝ ነው።

ዲኤችኢኤ አደጋ ካለው አሜሪካ ውስጥ እንዴት በሱፐርማርኬት ይሸጣል?

የ1994ቱ የአሜሪካ የምግብ ማሟያ ሕግ አምራቹ ከመሸጡ በፊት ለመንግሥት "ይሠራል" ብሎ እንዲያረጋግጥ አያስገድድም። መንግሥት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ገበያ ከወጣ በኋላ፣ ጉዳት ሲታይ ነው። መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ደህንነቱን አይመሰክርም። አሜሪካ ውስጥ እንዲሁ የሚሸጠው የእንቅልፍ ሆርሞን ሜላቶኒን ብሪታንያ ሲገቡ የሐኪም ትዕዛዝ ይጠይቃል፣ ዲኤችኢኤም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ይመደባል። ስፖርተኛ የሆነ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ዲኤችኢኤ በፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ ክልክል ነው፤ "ማሟያ ነው" ማለት ከቅጣት አያድንም።

ለእንቅልፍ ሜላቶኒን ስንት ልውሰድ? መቼ?

የሚገርመው ብዙ ሰው የሚስተው መጠኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ነው። ሜላቶኒን ማደንዘዣ አይደለም፤ ለሰውነት "መሽቷል" ብሎ የሚነግር ምልክት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይውሰደው። አልጋ ላይ ወጥቶ፣ ስልክ እያበራ ቢውጠው ምልክቱና ብርሃኑ ይጣላሉ። ከ0.5 እስከ 2 ሚሊግራም ለመጀመር ይበቃል። 10 ሚሊግራም እንቅልፉን አሥር እጥፍ አያደርገውም፤ የሚያተርፈው የጠዋት ራስ ምታት፣ ድብታና ቅዠት ነው። በአውሮፓ 55 ዓመት ለሞላቸው የተፈቀደው ቀስ ብሎ የሚሟሟው ክኒን 2 ሚሊግራም ብቻ ነው።

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ይገጥመዋል። ሲደርስ በአዲስ አበባ የመኝታ ሰዓት ለጥቂት ሌሊት መውሰድ፣ ጠዋት ደግሞ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ይረዳል። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

የጠርሙሱን ቁጥር ግን አይመኑ። በ2017 ካናዳ ውስጥ 31 ምርቶች ተመርምረው ውስጣቸው ያለው መጠን ከተጻፈው በ83 በመቶ ያነሰም፣ በ478 በመቶ የበለጠም ተገኝቷል። ከረሜላ መሳዩ ዓይነት በ2023 ሲፈተሽም ከ25ቱ 22ቱ መለያቸው ትክክል አልነበረም። ሌላም አለ፦ ሌሊት ሦስቴ ለሽንት የሚነሳ አባት ችግሩ ፕሮስቴት፣ ስኳር ወይም ማታ የተዋጠ የሽንት ክኒን ሊሆን ይችላል። ለእሱ ሜላቶኒን ሲሰጡት በጨለማ እየተደናበረ ሽንት ቤት ሲሄድ ይወድቃል።

ቫይታሚን ዲ ሆርሞን ነው ይባላል፤ ሁሉም አረጋዊ ይውሰድ?

ሰውነት ውስጥ ወደ ሆርሞን ስለሚለወጥ አባባሉ ልክ ነው። በአሜሪካ የሚመከረው እስከ 70 ዓመት በቀን 600 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ 800 ዩኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ከ4,000 አይለፍ። ጠርሙሱ በማይክሮግራም ከጻፈው በ40 ያባዙ፦ 25 ማይክሮግራም 1,000 ዩኒት ነው። ወደ 26,000 ሰው የተሳተፈበት የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ ጎልማሶች በቀን 2,000 ዩኒት ቢወስዱ ስብራትም፣ ካንሰርም፣ የልብ ሕመምም እንዳልቀነሰላቸው አሳይቷል። የሚጠቅመው ለጎደለው ነው፦ ከቤት ለማይወጣ አረጋዊ፣ ጥቁር ቆዳ ይዞ በሰሜን አውሮፓ ክረምት ለሚኖር፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀኑን ሙሉ በአየር ማቀዝቀዣ ሥር ለምትውል ሠራተኛ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስህተት ይህ ነው፦ ሐኪም 50,000 ዩኒት "በሳምንት አንድ" ብሎ ያዛል፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይዋጣል። ከሳምንታት በኋላ ጥማት፣ ማስመለስ፣ ሆድ ድርቀት፣ መዘባረቅ ይመጣል፤ በደም ውስጥ ካልሲየም ስለጨመረ ነው። በጠርሙሱ ላይ "እሑድ ብቻ" ብሎ በአማርኛ መጻፍ ይህን ይከላከላል። በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት መስጠትም ተሞክሮ አረጋውያት ሴቶችን ይበልጥ ጥሏቸዋል፣ ሰብሯቸዋልም።

በጾም ወቅት የሚጠየቅ ነገር አለ። ለስላሳው እንክብል ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ የሚገኝ ጄላቲን ነው፤ ከአሳማም ሊሆን ይችላል። ለጾመኛም ለሙስሊምም በጠብታ ወይም በጠንካራ ክኒን የሚመጣውን መፈለግ ይቀላል። ቫይታሚን ዲ ከስብ ጋር ስለሚገባ ዘይት ካለው ወጥ ጋር ይወሰድ።

ማረጥ ላይ ነኝ። ኤስትሮጅን ካንሰር ያመጣል ይባላል፤ ልፍራው?

ፍርሃቱ የመጣው በ2002 ከቆመው ትልቁ የአሜሪካ ሴቶች ጥናት ነው። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (እንደ ፕሮጄስትሮን ሆርሞን የሚሠራ መድኃኒት) አብረው የወሰዱት ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር በዓመት ከ10,000 ሴቶች ከ30 ወደ 38 ከፍ አለ። ጋዜጣው "26 በመቶ ጨመረ" አለ፣ ሴቶች በአንድ ቀን መድኃኒታቸውን ጣሉ። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ሰው ግን ሁለተኛውን ብቻ ሰማ። ተሳታፊዎቹ ደግሞ በአማካይ 63 ዓመታቸው ነበር፣ ብዙዎቹ ካረጡ አሥር ዓመት ያለፋቸው። ማህፀናቸው ወጥቶ ኤስትሮጅን ብቻ የወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር አልጨመረም፤ ስትሮክ ግን ጨምሯል።

ዛሬ የሚሠራበት መመሪያ እንዲህ ነው። ዕድሜዋ ከ60 በታች የሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ያልሞላት፣ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ እንቅልፍ የነሳት ጤነኛ ሴት ብዙ ጊዜ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጥላታል። ከ40 ዓመቷ በፊት ያረጠች ሴት ደግሞ መከልከያ ከሌላት እስከ ተፈጥሯዊው የማረጫ ዕድሜ፣ እስከ 50 ገደማ፣ እንድትወስድ ይመከራል፤ አጥንቷና ልቧ ይፈልጉታል። ለወጣትነት፣ ለቆዳ ወይም ልብን ለመጠበቅ ተብሎ ግን አይጀመርም።

ማህፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅን ለብቻው አትውሰድ። የማህፀኑን ግድግዳ ያወፍራል፣ ካንሰርም ሊያስከትል ይችላል፤ ፕሮጄስትሮን የሚጨመረው ለዚህ ነው። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ከሚዋጠው ይልቅ ደም የማርጋት አደጋው ያነሰ ነው። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም ከባድ የጉበት በሽታ የነበረባት ሴት ለሐኪሟ ሳትናገር አትጀምር። ካረጡ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ደም ከታየ፣ ጠብታም ቢሆን፣ ምክንያቱ ይመርመር። ችግሩ ድርቀትና ተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻ ከሆነ በብልት የሚቀባው ትንሽ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ይበቃል፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ እናቶች ይህን ችግር አፍረው ዝም ይሉበታል።

ቴስቶስትሮኔ ዝቅተኛ ነው ተባልኩ። መርፌውን ልጀምር?

መጀመሪያ መቼ ተለካ? ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት ዝቅ ይላል። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት መለካት አለበት። ከሥራ መልስ አንዴ ተለክቶ የተጻፈ ቁጥር መድኃኒት አያስጀምርም። ታመው ወይም ሳይተኙ አድረው ከተለኩም ይወርዳል። በአሜሪካ የሽንት አካላት ሐኪሞች ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ሆኖ ምልክት ሲጨመርበት ነው ጉድለት የሚሉት፤ ዋናዎቹ ምልክቶች የፍላጎት መጥፋትና የጠዋት መቆም መቅረት ናቸው። ድካም ብቻውን አይበቃም። ቦርጭ፣ እያንኮራፉ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ስኳርና ሞርፊን ነክ የሕመም ማስታገሻ ሁሉም ያወርዱታል፤ እነሱ ሲስተካከሉ ቁጥሩም ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ።

ገና ልጅ መውለድ የሚፈልግ ወንድ አይጀምር፤ የዘር ፈሳሹን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ጄሉን የሚቀባ ሰው ቦታው ሳይሸፈን ሕፃን አይቀፍ፤ ልጁ ላይ ተላልፎ ያለዕድሜ ጉርምስና ያመጣል። ደም ማወፈሩ ደግሞ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፦ ሄማቶክሪት የሚባለው የቀይ ደም ሴል ድርሻ ከ48 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ከፍተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ከ50 በላይ ከሆነ፣ ሕክምናው አይጀመርም፤ ጀምሮ ከ54 ካለፈ ይቆማል። በ2023 የታተመው፣ ከ5,200 በላይ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ወንዶችን ያየው ጥናት ድንገተኛ የልብ ጥቃትና ስትሮክ አለመጨመሩን አሳይቷል፤ የልብ ምት መዛባትና ሳንባ ውስጥ የደም መርጋት ግን ከፍ ብለው ታይተዋል። ስብራትም አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ።

"ቴስቶስትሮን ከፍ የሚያደርግ" ተብሎ በ40 ዶላር የሚሸጠውን ጠርሙስ ጀርባውን ቢያነቡት ከዋና ግብዓቶቹ አንዱ ብዙ ጊዜ አብሽ ነው። አብሽ እናታችን ጓዳ አለ። የከፋው "ለወንዶች" የሚባለው ዓይነት ነው፦ የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር በእነዚህ ውስጥ ሳይጻፍ የተጨመረ የቫያግራ ንጥረ ነገር ደጋግሞ አግኝቷል። ለልብ ናይትሬት የሚወስድ ሰው እነዚህን ቢውጥ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

የዕድገት ሆርሞን መርፌስ?

ለእርጅና አይወሰድ። ወሬው የጀመረው በ1990 ከታተመ፣ 21 ወንዶች ብቻ ከነበሩበት ጥናት ነው፤ ለ6 ወር ሲወጉ ጡንቻ ጨመሩ፣ ስብ ቀነሱ። ጉልበት መጨመራቸው ግን አልታየም። የሚያተርፈው የእግር እብጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝና የስኳር መጨመር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለፀረ እርጅና ብሎ ማከፋፈል በሕግ ወንጀል ነው። በክኒንና በርጭት የሚሸጠው ደግሞ ማታለያ ነው፤ የዕድገት ሆርሞን እንደ ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ጨጓራ ይፈጨዋል።

ይህ ምኞት አዲስ አይደለም። በ1889 ብራውን ሴካር የተባለው የ72 ዓመት ሐኪም ፓሪስ ላይ የውሻና የጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ ጭማቂ ተወግቶ "ወጣትነቴ ተመለሰ" ብሎ በጉባኤ ተናግሯል። ጭማቂው ውስጥ የሚሠራ ሆርሞን አልነበረም ማለት ይቻላል።

የታይሮይድ ክኒን እወስዳለሁ፤ ደህና እየዋጥኩም ምርመራው አይስተካከልም። ለምን?

ብዙ ጊዜ ክኒኑ አብሮት በገባው ነገር ተይዞ ነው። የታይሮይድ ክኒኑ ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። ቡናም ያንን ያህል ይቆይ፤ ክኒኑን ዋጥ አድርጎ ስኒ ማንሳት የሚገባውን መጠን ይቀንሳል። ካልሲየም፣ አይረንና የጨጓራ አሲድ ማርገቢያ ከክኒኑ የ4 ሰዓት ርቀት ይኑራቸው። በጾም የሚጠጣው የአኩሪ አተር ወተትም ይይዘዋል። ጠዋት የማይመቸው ሰው ከእራት 3 ሰዓት ቆይቶ ማታ ሊወስደው ይችላል፤ ለረመዳንም የሚሆን አማራጭ ነው። ዋናው በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። መጠን ከተቀየረ ምርመራው ከ6 ሳምንት በፊት እውነቱን አይናገርም።

ምልክት ሳይኖር ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ ብሎ የተገኘ አረጋዊ ግን ሁልጊዜ ክኒን አያስፈልገውም፤ በ2017 ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ 737 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ድካማቸውን አላቀለለም። ከመጠን ያለፈ ክኒን ልብ ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። "ታይሮይድ ደጋፊ" በሚል ያለ ትዕዛዝ ከሚሸጡት 10 ምርቶች ደግሞ በአንድ ምርመራ 9ኙ ውስጥ እውነተኛ የታይሮይድ ሆርሞን ተገኝቷል።

ምንም አልታመምኩም፤ ምርመራዬ ግን ታይሮይድህ በዝቷል አለ። ሊሳሳት ይችላል?

ለፀጉርና ለጥፍር ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን የሚወስዱ ከሆነ፣ አዎ። የዕለት ፍላጎት 30 ማይክሮግራም ሲሆን ጠርሙሱ 5,000 ወይም 10,000 ይይዛል። ብዙ የላብራቶሪ ማሽኖች ራሳቸው ባዮቲን ተጠቅመው ስለሚለኩ ይምታታባቸዋል፦ ቲኤስኤች በሐሰት ይወርዳል፣ የታይሮይድ ሆርሞኑ ቲ4 በሐሰት ይወጣል። ድንገተኛ የልብ ጥቃትን ለመለየት በደም ውስጥ የሚለካው ትሮፖኒንም በሐሰት ዝቅ ሊል ይችላል፤ የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን ቀድሞ ማቆምና ደም ለሚቀዳው መናገር ነው።

ከውጭ አገር ለወላጆቼ ማሟያ በምልክበት ጊዜ ምን ላጣራ?

ዩኤስፒ (USP) ወይም ኤንኤስኤፍ (NSF) የሚል ማረጋገጫ ማኅተም ይፈልጉ፤ የተጻፈው መጠን ውስጡ መኖሩን ይመሰክራል፣ ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም። መጠኑን ሳይከፋፍል "ልዩ ቅይጥ" ብሎ የሚያልፈውን ይተዉ። ሻንጣ እንዲቀል ተብሎ ሦስት ጠርሙስ ወደ አንድ ላስቲክ መገልበጥ ትልቁ ጥፋት ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ምን እንደተዋጠ ማወቅ ይሳነዋል።

እናቴ "ተፈጥሯዊ" የመገጣጠሚያ እንክብል ከጀመረች ወዲህ ጉልበቷ ተሻለ፣ ፊቷም ሞላ። ይቀጥል?

ይህን ጥያቄ ሳይዘገዩ ይከታተሉት። ዓመታት ያስቸገረ ሕመም በሁለት ሦስት ቀን ጭራሽ ከጠፋ ውስጡ ስቴሮይድ (ኮርቲዞን መሰል መድኃኒት) ሊኖር ይችላል። በ2022 የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ በሚል ስም በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ያልተጻፈ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድና ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ማግኘቱን አስታውቋል። ዘመድ "አማረብሽ" የሚለው የፊት መሙላት የስቴሮይድ ምልክት ነው፤ በቀላሉ የሚበልዝ ስስ ቆዳ፣ ድንገት የወጣ ስኳርና ግፊት፣ የቀጠኑ እግሮችም አብረው ይታያሉ። ዳይክሎፌናኩ ደግሞ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

እዚህ ላይ ደንግጦ ጠርሙሱን መጣል አደጋ አለው። ለሳምንታት ከተወሰደ አድሬናል ዕጢዋ ተኝቷል፤ በአንድ ቀን ብታቆም ማዞር፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ፣ ራስ መሳት ሊመጣ ይችላል። ጠርሙሱን ከነመለያው ይዛ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ ስንት ጊዜና በቀን ስንት እንደዋጠች ይነገር፤ ሐኪሙ በታወቀ ስቴሮይድ ተክቶ ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ቀድማ አቁማ ከደከመች፣ ካስመለሳትና ለመቆም ካቃታት ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ወስደው መጀመሪያ የሚናገሩት "ስቴሮይድ ስትወስድ ነበር፣ አቁማለች" የሚለውን ነው።